የሰፋ ሰልባትዮ፤ ያልታረመ ጌጅ

በንግድ ዓለም ከሁሉ አስቀድሞ የሚታመነው ሚዛንና መስፈሪያ ነው። እህል በቁና በሚሰፈርበት ገበያ ቁናው ሰፍቶ ወይም ጠቦ የተገኘ እንደ ሆነ ገዢና ሻጭ ይጣላሉ፤ ምክንያቱም ሰው የሚስማማው በስሙ ሳይሆን በሚይዘው ልክ ነው። ዛሬ በየመደብራችን ደጃፍ የሚቆመው ሞተር ብስክሌትም አንድ መስፈሪያና አንድ ምልክት ይዞ የሚዞር ዕቃ ነው። መስፈሪያው የቤንዚን መያዣው፣ የጋራዥ ሰዎች ሰልባትዮ የሚሉት ሲሆን፣ ምልክቱ ደግሞ ጌጁ ነው። መስፈሪያው ተለውጦ ምልክቱ ሳይታረም የቀረ እንደ ሆነ ምን እንደሚያስከትል፣ በሀና ማርያም በምሠራበት የንግድ ቤት ከደረሰው ነገር ተነሥቼ ለክቡራን አንባብያን ለማስረዳት እወዳለሁ።

የነገሩ መነሻ

የምሠራላቸው ነጋዴ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ናቸው፤ መጋዘናቸውም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀና ማርያም ይገኛል። እኔ የቤቱ ጸሐፊ እንደ መሆኔ የባንኩን ወረቀትና የጉምሩኩን ሰነድ አዘጋጃለሁ፤ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ለገሀርና ወደ መርካቶ የሚያደርሰው ግን ሞተረኛው መልእክተኛችን ነው። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ በየማደያው የሚቆመውን ሰልፍ የማያውቅ ነጋዴ የለም። በሰልፍ ግማሽ ቀን የቆመ ሞተር ደግሞ ግማሽ ቀን የተዘጋ መደብር ማለት ነው። ዋጋውም ቢሆን በ2017 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ደርሶ፣ በዚያው ዓመት ከ100 ብር በላይ ተሻግሯል። በዚህ ምክንያት ጌታዬ ሰልባትዮው ቢሰፋና አንድ ጊዜ ተሞልቶ ብዙ ቀን ቢያገለግል ይሻላል ብለው አሰቡ። አሳቡ ክፉ አልነበረም።

ሥራው ለአንድ በያጅ ተሰጠ። በያጁም ከላይ ላሜራ ጨምሮ ጣሪያውን ከፍ አደረገው፤ ከሥር ደግሞ በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ ስላገኘ ሣጥን የመሰለ ኪስ በየደበት። በፋብሪካው መጽሐፍ 12 ሊትር ይይዝ የነበረው ሰልባትዮ 17 ሊትር የሚይዝ ሆነ። ብየዳው አላፈሰሰም፤ ቀለሙም አምሮ ስለ ነበር ሁላችንም ደስ ብሎን ተቀበልነው። ስለ ጌጁ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ሁለት ወር ያህል ያለ ችግር አለፈ። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ጧት መልእክተኛው ቃሊቲ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ ለሚዘጋ አንድ የባንክ ክፍል የሚሰጥ የመርከብ ሰነድ ይዞ ወደ መሐል ከተማ ወጣ። በመንገድ ሞተሩ ሲያንገራግር ጌጁን ቢያይ ከሩብ በላይ ያሳያል። ቁልፉን ወደ ሪዘርቭ ቢያዞረው ሞተሩ ተነሣ፤ እርሱም ቆሻሻ ዘግቶት የነበረ መስሎት አንድ ማደያ አልፎ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ጨርሶ ጠፋ። ያን ያህል ጊዜ ሲገፋና ሲፈታታ ቆይቶ፣ አንድ አላፊ ሞተረኛ «ወደ ግራ አጋድመው» ብሎ መከረው፤ ቢያጋድመው ሞተሩ እንደገና ተነሣ። ባንኩ ሲደርስ ግን መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ዕቃው ከጉምሩክ መጋዘን ሳይወጣ እስከ ሰኞ ስላደረ ኪራይ ተቆጠረብን።

ጌታዬ ልጁን ጠርተው ሲጠይቁት ቤንዚን አልቆብኝ ነው አለ። የሰልባትዮው ክዳን ተከፍቶ ሲታይ ግን ውስጡ ቤንዚን ይንቦጫረቃል። «አለቀ ያልከው ይኸ ነውን?» አሉት። ልጁም ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ በእውነት ጠፍቶብኝ ነው፤ ጌጁም እኮ ከሩብ በላይ ይል ነበር» ሲል፣ ይህ ንግግሩ ከመርዳት ይልቅ ጎዳው። በራሱ ጉዳይ ውሎ የመጣ ውሸታም ሆኖ ተቆጠረ፤ ኪራዩም ከደመወዙ እንዲቆረጥ ታሰበ። እኔ ልጁን ለስድስት ዓመት ስለማውቀው፣ ነገሩ በመስፈሪያ ይታይልን ብዬ የሁለት ቀን ጊዜ ለመንኩ።

መስፈሪያው የተናገረው

በማግሥቱ ሞተሩን በደልዳላ ወለል ላይ በመካከለኛው መቆሚያ ቀጥ አድርገን አቆምነው። ሰልባትዮውን ጨርሰን አራገፍንና በአንድ ሊትር መለኪያ እየሰፈርን መሙላት ጀመርን፤ በየሊትሩም የጌጁን መርፌ እያየን በወረቀት ጻፍን። መርፌው ከባዶው ምልክት የተነሣው ሁለተኛው ሊትር ሲገባ ነው። በ4ኛው ሊትር ሩብ፣ በ7ኛው ግማሽ አሳየ፤ በ11ኛው ሊትር «ሙሉ» ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ 6 ሊትር ብንጨምርም መርፌው አልተነቃነቀም።

ቀጥሎ የቤንዚኑን ቁልፍ በሪዘርቭ ከፍተን ቤንዚኑ በራሱ መንገድ እስኪያቆም አፈሰስነው። የወጣው 14 ሊትር ብቻ ሆነ። መርፌውን ብናይ ከሩብ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆሟል። የቀረው 3 ሊትር በቀኙ ኪስ ውስጥ ነበር። ልጁ የተናገረው ቃል ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ቤንዚን ነበረ፣ ጌጁም አሳይቷል፣ ሞተሩም በቤንዚን እጦት ቆሟል። ጌታዬ ወረቀቱን አንብበው ልጁን ይቅርታ ጠየቁት፤ ኪራዩንም ቤቱ ከፈለ።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

የሞተር ብስክሌት ሰልባትዮ እንደ በርሜል አይደለም። በብረቱ ወገብ ላይ እንደ ኮርቻ ስለሚቀመጥ ሆዱ በመካከል ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ በግራና በቀኝም ሁለት ጎኖች ይወርዳሉ። ቤንዚኑ ከመካከለኛው ጉብታ በላይ ሳለ አንድ ባሕር ነው፤ ከጉብታው በታች በወረደ ጊዜ ግን ለሁለት ይከፈላል። የእኛ ሞተር መክፈቻ በግራ በኩል ስለ ሆነ በቀኝ የቀረው መተላለፊያ የለውም። ከመስፋቱ በፊት የቀኙ ጎን ጥልቀት ስላልነበረው የሚቀርበት ከምንም አይቆጠርም ነበር። በያጁ ጥልቅ ኪስ በጨመረበት ጊዜ ግን የተቆለፈበት መጋዘን ሆነ። የጌጁ ተንሳፋፊ ደግሞ በዚያው በቀኝ ጎን ስለ ተተከለ የዚያን መጋዘን ሀብት ያወራል። ይህ ለነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በመዝገብ ተጽፎ ከተበዳሪ እጅ ያልወጣ ገንዘብ ማለት ነው። ድምሩ ትክክል ነው፤ ዕዳ ለመክፈል ግን አይሆንም።

ሁለት ወር ሙሉ ሳይታወቅ የቆየበትም ምክንያት አለ። ሞተር በጎን መቆሚያው ሲቆም ወደ ግራ ያጋድላል፤ በየሱቁ እየቆመ በሚውልበት ቀን ከቀኙ ኪስ ጥቂት ጥቂት ቤንዚን ጉብታውን ተሻግሮ ወደ ግራ ይፈስሳል። ጉድለቱ የሚገለጠው ሳያርፉ ረጅም መንገድ በሄዱበት ዕለት ነው፤ ይኸውም ጉዳዩ በሚያስቸኩልበት ዕለት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጌጁ ጠባይ ነው። ጌጅ ሊትር አይቆጥርም፤ የሚያውቀው የቤንዚኑን ከፍታ ብቻ ነው። በክንድ ጫፍ ያለች ተንሳፋፊ ከቤንዚኑ ጋር ስትወጣና ስትወርድ የኤሌክትሪኩ መግቻ ይለወጣል፤ መርፌውም ያንን ተከትሎ ይሄዳል። ተንሳፋፊዋ ክንዷ እስከሚፈቅድላት ድረስ ወጥታ ከቆመች በኋላ በላይዋ ስድስት ሊትር ቢጨመርም ባይጨመርም ለመርፌው አንድ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ከፍ ያለ ሰልባትዮ ለረጅም ጊዜ «ሙሉ» ይላል፤ ወደ ጎን የሰፋ ሰልባትዮ በየምልክቱ ከቀድሞው የበለጠ ሊትር ይይዛል፤ ተጨማሪ መያዣ በጎን ወይም በኋላ የተቀጠለለት ሞተር ደግሞ ጌጁ የአንዱን ብቻ ይናገራል።

የመንገዱም አቀማመጥ ይጨመርበታል። ከሀና ማርያም ወደ መርካቶ የሚወስደው መንገድ በጠቅላላው ሽቅብ ነው። አቀበት ላይ ቤንዚኑ ወደ ሰልባትዮው ኋላ ይሸሻል፤ ተንሳፋፊው ከኋላ ከሆነ ጌጁ ከእውነቱ አብልጦ፣ ከፊት ከሆነ አሳንሶ ያሳያል። ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ጌጅ መነበብ ያለበት በደልዳላ መሬት ቆሞ ነው።

በኪሎሜትር ሲተመን

የእኛ ሞተር በከተማ ሥራ በአንድ ሊትር 35 ኪሎሜትር እንደሚሄድ በመዝገብ አረጋግጠናል። በፊተኛው 12 ሊትር 420 ኪሎሜትር ይሄድ ነበር። 17 ሊትር ሲሆን 595 ይሄዳል ብለን ተማምነን ነበር፤ በእውነቱ የሚሄደው ግን በ14 ሊትር 490 ኪሎሜትር ነው። ከጨመርነው 5 ሊትር የተጠቀምነው በሁለቱ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው 3 ሊትር፣ ከ300 ብር በላይ የሚያወጣ ቤንዚን፣ ክብደቱ ብቻ ከእኛ ጋር ይጓዛል።

የመርፌው አካሄድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መጀመሪያ 210 ኪሎሜትር ያህል «ሙሉ» ላይ ይቆማል። ከዚያ ከሙሉ እስከ ሩብ ጥቂት ከፍ እስኪል 228 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። የመጨረሻውን 52 ኪሎሜትር ግን ከሩብ በላይ ቆሞ ሳይወርድ ሞተሩ ይጠፋል። በፊተኛው ልማድ «ሩብ ካለኝ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ እሄዳለሁ» የሚል ሞተረኛ እንዴት እንደሚታለል ከዚህ ይታያል። በከተማ ይህ የሰዓት ኪሳራ ነው። ማደያ ከማደያ በሚራራቅበት የገጠር መንገድ ቡናና ቅባት እህል ለሚሰበስብ የላኪ ወኪል ግን በምድረ በዳ ማደር ማለት ነው።

የፋብሪካውንም የጉዞ ቁጥር እንዳለ መቀበል አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ብዙ ቤንዚን ይበላል።

ሰልባትዮ ማስፋት ራሱ ነውር አይደለም። ከፓሪስ እስከ ዳካር ይደረግ የነበረው የበረሃ ውድድር በ1978 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ ትላልቅ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ሰፋፊ መያዣ ሠርተዋል፤ ቢ.ኤም.ደብሊው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. 32 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ያለው ሞተር ለገበያ አቅርቦ ነበር። ነገር ግን ዐዋቂ ሠራተኛ ሁለቱን ጎን የሚያዋስን መክፈቻ በግራም በቀኝም ያደርጋል፣ ወይም ከሥር በቀጭን ቱቦ ያገናኛቸዋል። እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የተቆለፈው 3 ሊትር ተከፈተ።

ለመለዋወጫ ነጋድያን

ከብየዳው ሌላ የጌጅ ስሕተት የሚመጣው ከመለዋወጫ ነው። ተንሳፋፊዎች በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ በኤሌክትሪክ መግቻቸው አንድ አይደሉም፤ ይህም በኦም ይለካል። የአሜሪካ ልማድ በባዶ 240፣ በሙሉ 33 ኦም ነው። የአውሮፓ ልማድ በባዶ 10፣ በሙሉ 180 ኦም ነው። የብዙ ጃፓን ሥሪት ደግሞ በግምት በባዶ 100፣ በሙሉ 10 ኦም ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ለአውሮፓው ጌጅ የአሜሪካው ተንሳፋፊ ቢገጠምለት፣ ሰልባትዮው ባዶ ሲሆን መርፌው ከሙሉ አልፎ ይወጣል፤ ሲሞላ ደግሞ ወደ ባዶው ይወርዳል። ገዢው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሲመልስ ባለሱቁ አዲስ ነው ብሎ ይከራከራል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የተጣሉት ግን በከንቱ ነው።

ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ሲጽፍ የሞተሩን ስምና ዓመት ብቻ ሳይሆን፣ በባዶና በሙሉ የሚሰጠውን ኦም፣ የክንዱን ርዝመትና የብሎኖቹን አቀማመጥ አብሮ ይጻፍ። ባለሱቁም ርካሽ ቴስተር በጠረጴዛው ላይ አኑሮ ዕቃውን ከገዢው ፊት ለክቶ ቢሰጥ፣ ከአንድ ደቂቃ ድካም በኋላ የመልስ ጣጣ ይቀርለታል። ያገለገለ ወይም የሰፋ ሰልባትዮ የሚሸጥም ስንት ሊትር እንደሚይዝና ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደሚወጣ ለገዢው ሊነግረው ይገባል።

ሰልባትዮውን ላሰፋ ሰው

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

1ኛ/ ከእሳት፣ ከሲጋራና ከኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ርቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ሞተሩን በደልዳላ ወለል ቀጥ አድርጎ ማቆም።

2ኛ/ ባዶውን ሰልባትዮ በሊትር እየሰፈሩ መሙላትና በየሊትሩ መርፌው የቆመበትን መጻፍ።

3ኛ/ በመክፈቻው በኩል አፍስሶ የወጣውን መስፈር፤ ጉዞ የሚታሰበው በገባው ሳይሆን በወጣው ነው።

4ኛ/ የተገኘውን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በሰልባትዮው ላይ መለጠፍ። በእኛ ሞተር ላይ «ግማሽ ሲል ቅዳ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ቱቦው ከገባ በኋላ እንደገና ሰፍረን አዲስ ጻፍን።

5ኛ/ ሰልባትዮውን ሞልቶ ኪሎሜትሩን መመዝገብ፤ ዳግመኛ ሲሞላ የገባውን ሊትር ለሄደው ኪሎሜትር ማካፈል። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ስለ ተደረገ፣ የተከፈለው ብር በስልኩ ተመዝግቦ ይገኛል፤ በሊትሩ ዋጋ ቢካፈል ሊትሩ ይወጣል። ለጸሐፊ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም።

ሲሞላም እስከ አፉ አይሁን። ቤንዚን ሲሞቅ ይነፋል፤ 15 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር ከሩብ ሊትር በላይ ይስፋፋልና በፀሐይ የቆመ ሞተር ያፈስሳል። የክዳኑም መተንፈሻ ቀዳዳ በቀለም ወይም በአቧራ እንዳይደፈን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የተደፈነ እንደ ሆነ ሰልባትዮው ቤንዚን ሳለው ሞተሩ እንዳለቀበት ሆኖ ይጠፋል።

ስለ ብየዳው አንድ ማስጠንቀቂያ

ብዙ ሰው ባዶ ሰልባትዮ አደጋ የለውም ይላል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን እንፋሎቱ ነው፤ በአየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 እጅ ያህል ሲቀላቀል አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። በባዶው ሰልባትዮ ውስጥ የሚቀረው ይኸው እንፋሎት ነው። ከአየር ስለሚከብድም ክዳኑን ከፍቶ በማሳደር ብቻ አይወጣም። ስለዚህ ተንሳፋፊውና መክፈቻው ወልቀው፣ ሰልባትዮው በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ፣ ከሚበየደው ቦታ በስተቀር በውሃ ተሞልቶ ካልሆነ እሳት ሊቀርበው አይገባም። ይህን የማያደርግ በያጅ ዋጋው ቢረክስም አይቅረብ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

የእኛ ኪሳራ የሁለት ቀን ኪራይ ብቻ ሆኖ አለፈ። በሚዛን ቢታይ ግን ከኪራዩ ይልቅ የከበደው የአንድ ታማኝ ሠራተኛ ቃል ለሁለት ቀን እንደ ሐሰት መቆጠሩ ነው። ያደረግነው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነበር፤ 5 ሊትር ለመጨመር ስንል የነበረንን ትክክለኛ መለኪያ አጣን። መስፈሪያውን የለወጠ ሰው ምልክቱንም አብሮ ይለውጥ። ይህን ሳያደርግ ሞተረኛውን ከመውቀሱ በፊት አንድ ሊትር የሚይዝ መለኪያ አምጥቶ ይስፈር።